ለሁሉም ጥርስ አንድ ጉጠት

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ልብ እያዘነ እሱ ይስቃል ለማለት። እኔ ባዳነቱን ያወቅሁት በሌላ መንገድ ነው። ሆዳችሁን ቢቆርጣችሁ ሰው ያዝንላችኋል፤ ጥርሳችሁን ሲያማችሁ ግን «ይነቀላ!» ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። ጉጠት ያላየ ሰው ደፋር ነው።

በንጉሡ ዘመን ሰቆጣ ተመድቤ ሳስተምር፣ የታች መንጋጋዬ ሳምንት ሙሉ እህል ውሃ ከለከለኝ። አከራዬ ያጽናናችኝ መስሏት ወንድሟ በጥርስ ሰበብ እንዴት እንደሞተ አጫወተችኝ፤ እብጠቱ ወደ አንገቱ ወርዶ፣ መዋጥ አቅቶት፣ በአራተኛው ቀን። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ጉንጬን መዳበስ ሆነ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ በላቸው እጁ የተባረከ ሰው ነበር። ያለው ግን አንድ ጉጠት ነው፤ ለተቦረቦረውም፣ ለተነቃነቀውም፣ ለሚጠዘጥዘውም ያችው ጉጠት። የማደንዘዣ መርፌው ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ ደሴ ሄጄ ጥርሴን ላስሞላ ቆረጥኩ። በቆረም በኩል በሚወጣ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ ያዝኩና የሕመም ፈቃድ ወረቀት ላጽፍ ብቻ ወደ አቶ በላቸው ሄድኩ።

እዚያ ስደርስ ከጽጽቃ በኩል ሁለት ቀን በበቅሎ የመጡ ሽማግሌ፣ አያ ወልዱ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እብጠቱ አገጫቸውንና አንገታቸውን አንድ አድርጎታል። አከራዬ ያወራችልኝን ሞት ፊት ለፊት ያየሁት መሰለኝ። ሽማግሌው በኽምጠኛ አንድ ነገር አንሾካሾኩ፤ ልጃቸው ዘነበች ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ውሃ አልወርድ ብሎኛል ይላል።»

አቶ በላቸው አፋቸውን በባትሪ አየና ጉጠቱን አስቀመጠ። «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም። ዶክተር በስለት ከፍቶ ማፍሰስ አለበት። ዛሬ ካልሄዱ፣ ነገን እንጃ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ የእርስዎን ጥርስ እኔ እችለዋለሁ። የእሳቸውን አልችልም።»

ደግ ሆኜ እሺ አልኩ ብል ውሸት ነው። ልጅቱ እያየችኝ እምቢ ማለትን ፈራሁ፤ ጉጠቱንም ፈራሁ። የመጀመሪያው ፍርሃት በለጠና የጋቢና ቦታዬን ለሽማግሌው ለቀቅሁ፤ ልጅቱም ጭነቱ ላይ ልትሳፈር ሆነ።

መኪናው እስኪጫን አቶ በላቸው ጥርሴን ነቀለ። እንዴት እንደነቀለው አልተርክም። ተማሪዎቼ ግን ጩኸቴ ገበያ ድረስ ተሰማ እያሉ ሲያሙኝ ከረሙ።

በሃያኛው ቀን ዘነበችን ብቻዋን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አየኋት። ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ፀጉሯ ነው፤ ለሐዘን ተላጭታ እንደሆነ። አልተላጨችም።

«አባትሽስ?»

«ደኅና ነው። ቆሎ መቆርጠም ጀምሯል።»

«አንቺን ታዲያ ምን አመጣሽ?»

እጇን ከጉንጯ ላይ አነሳች። በአንድ በኩል አብጧል።

«ያን ጊዜም ያመኝ ነበር። ከአባቴ ቀጥዬ ልናገር ስል እርስዎ ጮኹ። ደሴ ድረስ ሄጄ እንኳ አፌን አልከፈትኩም።»

ወደ አቶ በላቸው ይዣት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ምንም አያምም እያልኩ ስምልላት፣ አንገቷን ደፍታ ስትሰማኝ ቆየችና በሩ ላይ ስንደርስ፣

«እንግዲያው እርስዎ ውጭ ይቆዩልኝ» አለችኝ።