ቡልኮ የለበሰችው መኪና

የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሐኪም አጥቶ አያውቅም። አንዱ ዳማከሴ ጭመቁለት ይላል፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት ትላለች፤ ሩቅ የሚሆነው እውነተኛው ሐኪም ብቻ ነው። እናንተም ሳትመክሩ አልቀራችሁም፣ እኔም መክሬአለሁ። የቆመች መኪናም እንደዚሁ ናት። ኮፈኗ ይከፈት እንጂ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ የማይፈርድ አላፊ አግዳሚ የለም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የመጨረሻዋን ልጄን ለሊሴን ትኩሳት ቢይዝብኝ ከአርጆ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ይዣት ተነሳሁ። የተሳፈርነው በኦቦ ዋቅጅራ መኪና ነው፤ ጣሊያን ጥሏት ሲሄድ የቀረች፣ ያኔም አሮጊት የነበረች። ኦቦ ዋቅጅራ እንደ ልጅ ነው የሚሳሱላት። የአርጆ ብርድ እንዳይመታት ብለው ፊቷን በቡልኮ ሸፍነው አስረውላታል። ከማየት ብዛት ቡልኮው የመኪናዋ አካል መስሎን ቀርቷል።

ዳገቱን ስንጀምር እንፋሎት ተፋችና ቆመች። በረድ እስክትል ጠብቀው ውሃ ጨመሩላት፤ ጥቂት ሄደን እንደገና ፈላች። ፀሐይዋ ከርራለች። ልጄ እቅፌ ውስጥ እንደ ፍም ትግላለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗን መግለጥ ትታለች። በልቤ፣ “ጌታ ሆይ፣ ሁለቱንም አብርድልኝ፤ ምረጪ ካልከኝ ግን ልጄን” እላለሁ።

ምርመራው ቀጠለ። አንዱ ተሳፋሪ ራዲያተሩ ተቀድዷል አለ፤ ቢታይ ጠብታ የለም። ሌላው ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል አለ፤ ቢዳሰስ ጠበቅ ያለ ነው። ነቀምቴ ሱቅ ያለው ሽኩር ደግሞ፣ “የሰው ዓይን ነው!” ብሎ ፈረደ።

“ዓይን አይደለም፣ አንተ የጫንከው የጨርቅ ጣቃ ክብደት ነው!” አሉት ኦቦ ዋቅጅራ ተናደው።

መቀመጥ ቢያቅተኝ ልጄን እንዳቀፍኩ ወርጄ ከመኪናዋ ፊት ቆምኩ። ሁሉም ኮፈኑ ሥር አቀርቅረዋል፤ ከፊት ለፊት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። የቡልኮው ግለት ቀሚሴን አልፎ ጉልበቴን ፈጀኝ።

“ኦቦ ዋቅጅራ፣ ይህች መኪና እኮ ታፍናለች! ቡልኮውን አያነሱላትም?”

“ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው፣ አዴ።”

“በዚህ ፀሐይ?”

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እቅፌን አዩ፦ ጋቢ፣ ከላዩ ነጠላ፣ ከላዩ የእኔው ሹራብ። ከዚያ ሁሉ መሐል የለሊሴ አፍንጫ ብቻ ብቅ ብሏል።

“እርስዎስ፣ አዴ?” አሉ ቀስ ብለው።

“ብርድ እንዳይመታት . . .” ብዬ ጀመርኩ።

“በሉ፣ ሁለታችሁም ፍቱ!” አለ ሽኩር።

እሳቸው ቡልኮውን ፈቱ። እኔም ሹራቡንና ነጠላውን አነሳሁላት፤ ጋቢውን ግን፣ ያው እናት ነኝና፣ ተውኩላት። መኪናዋ ነቀምቴ እስክንገባ አልፈላችም። ለሊሴም መንገድ ላይ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ለመነችኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ድሬሰሩ፣ “ይህን ጋቢ ማን ነው ያከናነባት?” ቢል፣ አብረውኝ የገቡት ኦቦ ዋቅጅራ ግድግዳ ግድግዳውን አዩልኝ። ወባ ነበር። መድኃኒት ተሰጣት፤ ዋቃዮ ይመስገን፣ ዳነች።

ክረምት ሲገባ፣ አርጆ ገበያ መንገድ ላይ መኪናዋ ተሳፋሪ ጭና ልትነሳ ስታጓራ አየኋት። ቡልኮዋን ለብሳለች። ልናገራቸው አፌን ስከፍት፣ ኦቦ ዋቅጅራ ከጎኔ የቆመችውን ለሊሴን ያያሉ። ሁለት ሹራብ ደርባለች።

“አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዋቅጅራ?” ብዬ ሰላም ብቻ አልኳቸው።

“ፋያዳ፣ አዴ” አሉኝ።

ምን ታደርጉናላችሁ? ብርድ ነበር።