ፊት የማያነጡት ፎቶ አንሺ

ሞታሌብ ባይን («ባይ» በእኛ አገር «ወንድም» ማለት ነው) በቅጡ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም። የጨርቅ ሱቄ ከስቱዲዮአቸው ፊት ለፊት ነው፤ ቢሆንም እኔ ሰው ቀርቦ ማወቅ አይሆንልኝም። አንድ ነገር ግን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፦ ደንበኛውን ከማስደሰት ይልቅ እውነቱን ማሳየት የሚወድ ፎቶ አንሺ ያለበት ከተማ ሰላም የለውም። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አይጠፋም። የእኛው ግን ይብሳል።

ታሪካቸውን የነገረኝ የሻይ ቤቱ ሰው ነው። ክቡርነታቸው በልጅነታቸው የአጎታቸውን ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በከተማችን ጥግ በሚያልፈው በፓድማ ወንዝ ዳር ጀልባና ፍየል ሲያነሱ ይውሉ ነበር አሉ። ጢም ሳያበቅሉ ወደ ሰው ፊት ዞሩ። ፎቶው ላይ በቀጭን ብሩሽ ጠይሙን ፊት ወተት በማስመሰል የሚስተካከላቸው አልነበረም። ከዚያ በድንገት ተዉት።

«ለምን?» አልኩት።

«እሱን ራሳቸውን ጠይቅ» ብሎ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ቀጠለ።

ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው ቀጠራቸው። መታወቂያ ነው፣ ምረቃ ነው፣ የፕሮፌሰር ሽኝት ነው፣ የከተማችን ምሁር ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ሁሉም በፎቶው ላይ ጥፋተኛ ይመስላል፤ ለማንም የሚሰጡት ትእዛዝ አንድ ነውና፦ «አገጭ ዝቅ!» አንድ ዲን ዓይናቸው ሥር ያለው ጥቁረት እንዲጠፋ ቢለምኗቸው፣ «ጌታዬ፣ በደንብ ተኝተው ይመለሱ» አሏቸው። ሞታሌብ ባይ ጡረታ ሲወጡ ያ ስቱዲዮ ሱቄ ፊት ለፊት ተከፈተ፤ ጭቅጭቁም አብሮ ተከፈተ።

«አሁን ይቺ እኔ ነኝ?» ትላለች አንዷ።

«ሌላ ሰው ሲገባ አላየሁም፣ እህቴ።»

እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ዝም ብዬ ጨርቄን እለካ ነበር። ነገሩ ልጄ ጋ እስኪደርስ።

ኑፑር ጠይም ናት፣ እንደ እናቴ። የጋብቻ ደላላው ጎፉር ለወንዱ ቤተሰብ የሚያሳየው ፎቶ ሲጠይቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ትንሽ ነጣ ትበል እንጂ፣ ባይ! ያላነጣ ማን አለ?» አለኝ። እኔም መንገዱን ተሻግሬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለመንኩ።

«እኔ የማነሳው ሰው ነው» አለኝ፣ በደንበኞች ፊት። «ዱቄት ከፈለግክ፣ ባሺር፣ ወፍጮ ቤቱ ከመስጊዱ ጀርባ ነው።»

ደንበኞቹ ሳቁብኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱታው ቀርቷል።

ልጄን ይዤ ገበያው ውስጥ ወዳለው አዲሱ ስቱዲዮ ሄድኩ። በኮምፒዩተር ጨረቃ አደረጓት። ኑፑር ፎቶውን አየች አየችና፣ «አባ፣ ይቺ ልጅ ቆንጆ ናት። የማን ናት?» አለችኝ።

እንግዶቹ መጡ። ሮሾጎላው፣ ነጩ የወተት ጣፋጫችን፣ በስኳር ሽሮፕ ውስጥ እየዋኘ ቀረበ። የወንዱ ልጅ አክስት ፎቶውን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ፊቱን ዘለለችና ጭን ላይ የተቀመጡትን እጆች በጣቷ ነካች።

«ፊቷን ቀቡት፣ እጇን ረሱት» አለች ለባሏ፣ ልጄ እዚያ እንደሌለች ሁሉ። ጣፋጩን ሳይቀምሱ ወጡ። ኑፑር እጆቿን ሻሿ ሥር ደበቀች።

በማን የተናደድኩ ይመስላችኋል? በሞታሌብ! እሱ እሺ ብሎኝ ቢሆን እጇን ይረሳ ነበር? የዚያን ሰው ኩራት ዋጋ ልጄ ከፈለችው! ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስቱዲዮውን በዓይኔ ሳቃጥል ሰነበትኩ።

አንድ ጠዋት ኑፑር ራሷ መንገዱን ተሻገረች። ይዛ በመጣችው ፎቶ ላይ ጠይም ናት፤ ግንባሯ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር አለች፤ እጆቿ ከፊት ተዘርግተዋል።

«ወይ ይሄን ያሳያል፣ ወይ ምንም አያሳይም» አለችኝ። ጎፉር እያጉረመረመ ወሰደው። ብዙዎች መለሱት። በመጨረሻ የአንድ አስተማሪ እናት መጡ፤ ፎቶውን አዩ፣ ልጄን አዩ፣ «እሷው ናት» አሉና ወደ ሮሾጎላው እጃቸውን ዘረጉ።

የሰርጉን ጥሪ ይዤ ሞታሌብ ስቱዲዮ ገባሁና ወረቀቱን ዘረጋሁለት። እሱም ጥሪውን ሳያነብ፣ «የሙሽራ አባት ፎቶ ያስፈልገዋል፣ ተቀመጥ» ብሎ በርጩማው ላይ አስቀመጠኝ። መጋረጃውን ሲስበው ከጀርባው፣ ደንበኛ በማያየው ግድግዳ ላይ፣ አንድ ያረጀ ፎቶ ተሰቅሎ አየሁ። ሳሪ የለበሰች ልጅ ናት። ፊቷ በብሩሽ የሩዝ ዱቄት መስሏል። ዓይኖቿ ቁርጥ የሞታሌብ ዓይኖች ናቸው። ጭኗ ላይ የተቀመጡት እጆች ግን እንደ ኑፑር እጆች ጠይም ናቸው።

ብዙ ጊዜ የማይታዘዝልኝ አፌ ቀደመኝ።

«እህትዎ ናቸው፣ ሞታሌብ ባይ? እንግዶቹ መጥተው... እሳቸውንም እንዲሁ ጥለዋቸው ሄዱ?»

ከካሜራው ጀርባ ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«አገጭ ዝቅ» አሉኝ፣ በቀስታ።

ዝቅ አደረግኩ።