አሥራ ሰባት ጊዜ ወደ ላይ

አንዴ የጻፈውን ዳግመኛ ከሚጽፍ ጣቱ ቢቆረጥ የሚመርጥ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። በደም ባንኩ ይህን ማዕረግ የያዙት የለጋሾች መዝገብ ኃላፊው፣ ክቡር ጋሽ ቀስት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው።

መዝገቡ ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የሚታዘዘውም በጽሑፍ ነው። ኪቦርዱ ላይ ወደ ላይ የምታመለክተው ቀስት በተጫነች ቁጥር፣ ቀድሞ የተጻፈ ትእዛዝ አንድ በአንድ ተመልሶ ይመጣል። ጋሽ ቀስት የትኛው ስንተኛው ላይ እንዳለ በቃላቸው ይዘዋል፤ ስክሪኑን አያዩም። «ማየት ለረሳ ሰው ነው» ይላሉ። ለባለቤታቸውም የአምናውን የልደት መልእክት መልሰው ይልካሉ ይባላል፤ ዕድሜዋ ስለማይጨምር አልተቀየመችም።

ለጋሾቹን በስልክ የምትጠራው ባልደረባቸው ግን «እሳቸውን ሳይ ደሜ ይፈላል» ትላለች።

አንድ ረፋድ ከቀዶ ጥገና ክፍል ተደወለ። የአንዲት ወላድ ደም አልቆም ብሏል፤ የደሟ ዓይነት ማቀዝቀዣው ውስጥ የለም።

«ቅርብ ያለ ለጋሽ! ቶሎ!» አለች ባልደረባቸው።

«የለጋሽ ፍለጋው አሥራ ሰባተኛው ነው» አሉ ጋሽ ቀስት፣ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተክለው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ጋሼ፣ በሞቴ እንደ አዲስ ይጻፉት!»

«ጽፌ እስክጨርስ ሴትዮዋ ትለቅ?»

ዘጠኝ። አሥር። ባልደረባቸው ክው አለች። ጠዋት እሳቸው ሳይገቡ፣ በዚሁ ማሽን የአንድ ለጋሽ ስልክ ፈልጋ ነበር። አንድ ትእዛዝ። ሁሉም በአንድ ተንሸራቷል። አሁን አሥራ ሰባተኛው ላይ ያለው ፍለጋው አይደለም፤ ትናንት አዲሱን ዝርዝር ከመጫናቸው በፊት መዝገቡን ባዶ ያደረጉበት ትእዛዝ ነው።

አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። ጣታቸው ትእዛዙን ወደምታስፈጽመው ቁልፍ፣ ወደ ኢንተር ዞረ።

እጃቸውን አፈፍ አደረገችው። «ጋሼ! ጠዋት እኔ ጽፌበታለሁ!»

ስክሪኑን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ስንት ጻፍሽ?»

«አንድ።»

«እርግጠኛ ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አንድ ብቻ።»

ቀስቷን አንዴ ጨምረው ተጫኑ። ይሄኛውን ፊደል በፊደል አነበቡት። ኢንተር። አራት ስም ወጣ።

ሁለቱ ስልክ አላነሱም። ሦስተኛው «ሥራ ላይ ነኝ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ «የት ልምጣ?» አለ። ከቀትር በኋላ ከቀዶ ጥገና ክፍል ተደወለ፦ ተርፋለች።

በማግስቱ ጋሽ ቀስት ሲገቡ ስክሪናቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኙ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሁለት ጽፌአለሁ። ይደምሩልኝ።»