ንፋስ የመታው ፓምፕ

ሲሜውን ከገበያ ጥቅል ጎመኑን ተሸክሞ ሲመለስ የአበልጁን የራዶይኮን ጩኸት ሰማና በአጥሩ በር ዘው አለ። በሞራቫ ወንዝ ዳር ካሉት መንደሮች የጨው ውኃ መዋኛ ገንዳ ያለው ራዶይኮ ብቻ ነው፤ ዛሬ በረዶው ሳይቀድመው ሊዘጋው ተፍ ተፍ ይላል። አምና ቧንቧው ፈንድቶ የሚስቱን የዴሳንካን ድንች ጓዳ ውስጥ አዋኝቶታል። ዘንድሮም ከደገመው ገንዳውን አፈር ሞልታ ባሮ ሽንኩርት ልትተክልበት በእናቷ መቃብር ምላለች።

ሲሜውን፦ እና በብርድ አይደለም የፈነዳው?

ራዶይኮ፦ ብርድማ ምን ያደርጋል! ሳይቤሪያ ሰው አይኖርም? ንፋስ ነው የመታው! የፓምፑ ክፍል በሩ ከወዲያ ክፍት፣ መስኮቱ ከወዲህ ክፍት። ፓምፑ ደግሞ ሲሠራ ውሎ ላብ በላብ ሆኖ!

ሲሜውን፦ ውይ፣ እንደ አክስቴ እንደ ስታኒያ! እሷም አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ተከፍቶባት ነው አንገቷ ተጣሞ የቀረው።

ራዶይኮ፦ ተመስገን፣ አንድ ነገር ገባህ።

ሲሜውን፦ (ፓምፑ ላይ አጎንብሶ) ይሄ የዴሳንካ ሻርፕ አይደለም እንዴ?

ራዶይኮ፦ ሱፍ ነው፤ ደረቱን ይይዝለታል።

ሲሜውን፦ ከጨው ክሎሪን የሚያወጣው መሣሪያስ?

ራዶይኮ፦ ነቅዬ አልጋችን ላይ አስተኝቼዋለሁ።

ሲሜውን፦ ዴሳንካስ የት ልትተኛ?

ራዶይኮ፦ እሷ ጤነኛ ናት!

ሲሜውን፦ ገንዳውን ሸራ ስታለብሰው ግን ውኃው አይታፈንም?

ራዶይኮ፦ አንተ ሰውዬ፣ ጎመኑን የተሸከምከው በትከሻህ ነው በጭንቅላትህ ውስጥ? ውኃ ይተነፍሳል እንዴ! (ጠርሙሶች ያነሳል) ይልቅ እርዳኝ፤ ቧንቧውን ከውስጥ በአረቄ ላሸው ነው።

ሲሜውን፦ የአባትህን የፕሪም አረቄ? ለቧንቧ?

ራዶይኮ፦ ብርድ ሲይዝህ እናትህ በምን ነበር የምታሽህ?

ሲሜውን፦ በአረቄ። እኔ ግን እውጥም ነበር።

ራዶይኮ፦ እሱም ይውጣል! የገንዳውን ውኃ ከቧንቧው አፍ በታች አድርጌዋለሁ። እኔ ከዚህ አንቆረቁራለሁ፤ አንተ ፓምፑ ጋ ሆነህ ሲደርስ ንገረኝ። የፓምፑን ማፍሰሻ እንዳትከፍት፤ ንፋስ ይገባዋል!

(ሲሜውን ወደ ፓምፑ ክፍል ይገባል። የብረት ሲጥታ ይሰማል።)

ራዶይኮ፦ ደረሰ?

ሲሜውን፦ (ከውስጥ) ገና!

ራዶይኮ፦ ሁለተኛው ጠርሙስ አለቀ እኮ!

ሲሜውን፦ ተጠምቶ ነው የከረመው! አትሰስትበት!

ራዶይኮ፦ አሁንስ?

ሲሜውን፦ (እያንጎራጎረ) አሁን ሞቅ ሞቅ እያለው ነው!

ራዶይኮ፦ የሚዘፍነው ማነው? እሱ ነው አንተ?

ሲሜውን፦ ተራ በተራ ነው!

(ራዶይኮ ሮጦ ይገባል። ሲሜውን ከተከፈተው ማፍሰሻ ሥር ጣሳ ይዞ ተንፈላሷል። አጠገቡ ባልዲ ሙሉ ውኃ አለ።)

ራዶይኮ፦ ጉድ ሠራኸኝ! ከፈትከው! በቃ፣ ባሮ ሽንኩርት ሊበቅልብኝ ነው!

ሲሜውን፦ ረጋ በል አበልጄ። መጀመሪያ ውኃው ወጣ፤ ይኸው በባልዲ። አረቄው ሲከተል መሬት ላይ ከሚፈስ ብዬ እኔ ተቀበልኩት። አሁን ቧንቧው ውስጥ ጠብታ የለም። ባዶ ነገር ምኑ ይፈነዳል?

ራዶይኮ፦ (ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን አንኳኩቶ) ባዶ... አይፈነዳም። (ደረቱን ነፍቶ) አላልኩህም! መድኃኒቱ አረቄ ነው!

ሲሜውን፦ አንተ የማታውቀው ምን አለ! (ጎመኑን አንስቶ እየተንገዳገደ ይወጣል፤ በሩ ጋ ዞር ይላል) እኔ የምልህ አበልጄ፣ ስገባ የመኪናህን ራዲያተር ሲያስል ሰምቼዋለሁ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ፤ መድኃኒቱን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።