መልእክቱ ለባለቤቱ

ሚስጥር የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሚጠብቅ አላልኩም፤ የሚወድ ነው ያልኩት። የእኔው ኮምቦልቻ የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተምር ወዳጄ ነው። ዘመኑ ሞባይል በየኪሱ መግባት የጀመረበት፣ ጆሮ ጠቢም በየካፌው የሞላበት ነበር።

አንድ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ ምርምሩን አስረዳኝ። ብዙ አንቴና ካለህ፣ አለኝ፣ መልእክቱን ለባለቤቱ ብቻ ጠርቶ እንዲደርስ አድርገህ ትልካለህ፤ በቀረው አቅጣጫ ሁሉ ጫጫታ ትለቃለህ። ሰርቆ የሚያዳምጠው ጫጫታውን ታቅፎ ይቀራል።

«የይለፍ ቃል የለው፣ ቁልፍ የለው?» አልኩት።

«አየሩ ራሱ ይጠብቅልሃል! ቆይ ላሳይህ።»

የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር ሾፌሩን ሙዚቃውን ከፍ እንዲያደርግለት ለመነው። ይኸው ጫጫታው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። ይኸው መልእክቱ። ሳይንሱ ምን ጎደለው? ምንም! ድምፅ ማጉያው ግን ከእኔ ራስ በላይ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ ላቡን ሲጠርግ አያለሁ፤ የምሰማው ከበሮ ብቻ ነው። ንግግሩን ጨርሶ መልሴን ሲጠብቅ ፈገግ አልኩ።

ከኋላችን የተቀመጡ፣ ወደ ደጋን የሚመለሱ አዛውንት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

«ልጄ፣ እሺ በለው እንጂ! ሽማግሌ ሆነህ የደጋኗን ዘይነባ ከአባቷ ጠይቅልኝ እያለህ ነው።»

ወዳጄ ክው አለ። «አባባ፣ እርስዎ እንዴት ሰሙ?»

«ወላሂ፣ መልእክቱ ለባለቤቱ ጥርት ብሎ ደርሷል» አሉ። «አባቷ እኔ ነኝ።»