ማይቶኮንድሪያዬን ላድን ወጥቼ

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሚሮጥ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ መርዶ ነጋሪ! ሦስተኛ ዓይነት የለም። በዚያ ሰዓት ከተማው ሽርጡን አገልድሞ ተጋድሟል፤ ሥራ ላይ ያለችው ፀሐይ ብቻ ናት።

እኔ ግን ሮጥኩ። ለምን በሉኝ... ጦሱ የሂንዲያ ነው። ሂንዲያ የሚስቴ የእህት ልጅ ናት፤ ስለ እርጅና የምትመራመር ሳይንቲስት። ባለፈው ምሳ ላይ፣ "አጎቴ፣ በየሴልህ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ኃይል አመንጪዎች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ይደክማሉ፤ ስትሮጥ ግን ይታደሳሉ" አለችኝ።

"የሱማ ድሮ መብራቱ ጠፍቷል!" አለች ሚስቴ ፋጡማ። ሳቁብኝ! "ኧረ ገና ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው!" ብል ማን ሰምቶኝ። ቆሽቴ አረረ።

ለመሮጥ ወሰንኩ፤ ግን ማንም ሳያየኝ። ሰፈራችን መጋላ ውስጥ ጠዋት ብትሮጥ ሰላምታው ብቻ ያስመሽሃል፤ አመሻሽ ላይ ብትሮጥ ደግሞ የሰፈሩ መሳቂያ ትሆናለህ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲተኛ ሹልክ አልኩ። ብልጥ መሆኔ እኮ ነው!

ሦስት ቅያስ ሳልጨርስ፣ ሱቁ ውስጥ የተጋደመው አብዲ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

"ዋርያ! በዚህ ፀሐይ? ማን ሞተ?"

ትንፋሼ አልቋል፣ መልስ ከየት ይምጣ? ደረቴን ይዤ በሌላው እጄ "ተወኝ" አልኩት።

"ኢና ሊላሂ!" ብሎ ሱቁን ዘጋና ወደ ቤቴ ገሰገሰ። ቆሜ ላስረዳው ፈልጌ ነበር፤ ግን አንዴ ከቆምኩ ዳግም እንደማልነሳ አውቀዋለሁ... ወደ ወንዙ ቀጠልኩ።

ስመለስ የአፎቻችን ድንኳን ደጃፌ ላይ ቆሟል! ይሄ የቀብር ማኅበራችን ለስብሰባ ብትጠራው አይመጣም፤ ለለቅሶ ግን ማን ይቀድመዋል? ፋጡማ ከእንቅልፏ ስትነቃ ግቢው ሰው ሞልቷል፤ ሟቹን የሚያውቅ ግን የለም። ዞር ዞር ብላ ብታይ ከቤት የጎደልኩት እኔ ነኝ፤ ስሮጥ ያየኝ አብዲ ደግሞ ወንበር ሊያመጣ ሄዷል። በቃ፣ ሟቹ ተገኘ!

"ወይኔ ባሌን! ገና ምኑን አየና! ቁመናው... ጉልበቱ... ምነው በለጋነቱ!"

ከግንቡ ጀርባ ሆኜ ሰማኋት። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። እንዲህ እንደምትወደኝ በሠላሳ ዓመት ትዳር አልነገረችኝም። ትንሽ ቆይቼ ብገባስ? ብዬም አስቤያለሁ፣ አልዋሽም። ግን አንጀቴ አልቻለም፤ "አለሁ!" ብዬ ዘው አልኩ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ፋጡማ "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ጥምጥም አለችብኝ። ከዚያ ላብ ያጠመቀኝን ከእግር እስከ ራስ አየችኝና፣

"አንተ ሽማግሌ! በዚህ ዕድሜህ በፀሐይ ትሮጣለህ?!"

ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም ይባል የለ? ለሂንዲያ ነግሬያታለሁ፦ ልጄ፣ ብዙ አትልፊ፤ የእርጅናን መድኃኒት አግኝቼዋለሁ። ችግሩ፣ ለጋ ለመባል ሩብ ሰዓት ያህል ሞቶ መቆየት ይጠይቃል።