ብረቱ መጣ

የመሥሪያ ቤት ስም ሲረዝም ሰው ከመሃሉ የጣመውን አንድ ቃል መዝዞ ሌላውን ይተወዋል። የእኔ መሥሪያ ቤት ስም በአንድ ትንፋሽ አያልቅም። «የወጪ ዕቃዎች ቁጥጥርና የጦር መሣሪያ ሥርጭት መከላከል» እያለ ይጀምራል፣ ከዚያም ይቀጥላል። የቢሮዬ በር አልበቃው ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ስም ነው። የዚህ ሁሉ ስም ኃላፊ እኔ ነኝ። የትውልድ ከተማዬ ቡታጅራ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ «መሣሪያ» የሚለውን ብቻ ወሰደ። «የሸምሱ እህት ልጅ የመሣሪያ ኃላፊ ሆነች» ተባለ። «መከላከል» የሚለው ቃል የትኛው መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ እንደቀረ አላህ ይወቀው።

ሥራዬ እንደ ስሙ አያስፈራም። አንድ ነጋዴ ዕቃ ወደ ውጭ ሊልክ ሲል፣ ያ ዕቃ ለጦር መሣሪያ መሥሪያ ሊውል ይችል እንደሆነ እናጣራለን። ኬሚካል፣ ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ እንዲህ ያለው ነገር። ገዢው ማን ነው? ምን ሊያደርግበት ነው? ለሌላ አሳልፎ ቢሰጠውስ? በአጭሩ ደሞዝ የሚከፈለኝ ሰው ለመጠርጠር ነው። በየስብሰባው «ምንም ዕቃ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትለፉ» እላለሁ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለምናገረው ደግሞ ጥሩ ይሰማል። ታዲያ ይህን የምታስተምር ሴት ረጅም ብረት በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሰፈር ውስጥ ስትገባ፣ ሰው ምን ይለኛል ብላ አለማሰቧን ምን ትሉታላችሁ?

የሆነው እንዲህ ነው። አጎቴ ጋሽ ሸምሱ ቡታጅራ ዳር ያለውን ቤታቸውን አደሱና ሳሎኑን አሰፉ። ሚስታቸው እትዬ ረዲያ ለትልቁ መስኮት የሚበቃ የመጋረጃ ብረት አጣሁ ብላ ደወለችልኝ። ከአዲስ አበባ ገዛሁላት። ቀለሙ እንዳይጫር በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፣ በሲባጎ አሰርኩት፣ መኪናዬ ውስጥ ከፊት እስከ ኋላ አጋድሜው ሄድኩ።

እትዬ ረዲያ የግቢው በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር። ከመኪናው ሳወጣው ባየች ጊዜ ደስታዋን መያዝ አቃታት። ወደ ቤት ዞራ ባሏን ተጣራች። «የጀማል አባት፣ ና፣ ብረቱ መጣ» አለች። ድምጿ ደግሞ፣ ማሻአላህ፣ ማይክራፎን አያስፈልገውም።

ብረት የመጋረጃም አለ፣ የአልጋም አለ፣ የሚተኮስም አለ። ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ያዳመጡት የአጎቴ ጎረቤት ጋሽ ከድር የቱን እንደመረጡ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ጋሽ ከድርና አጎቴ የተኳረፉት በአንድ የአቦካዶ ዛፍ ነው። ግንዱ አጎቴ ግቢ ነው፣ ቅርንጫፉ ጋሽ ከድር ግቢ። ፍሬው ሲወድቅ የጋሽ ከድርን ቆርቆሮ ይደበድባል። የወደቀውን ማን ይውሰድ በሚለው ደግሞ ሽማግሌም አላስማማቸውም። በዚያ ሰሞን ጋሽ ከድር ቅርንጫፉን በመጥረቢያ አወርደዋለሁ ብለው ነበር። አጎቴም ሞክረውና ታየኛለህ ብለው መልሰው ነበር። እንግዲህ በዚህ ንግግር ላይ ነው እኔ፣ የመሣሪያ ኃላፊዋ፣ ብርድ ልብሴን ታቅፌ የገባሁት።

ብረቱ ተሰቀለ፣ መጋረጃው አማረ፣ እኔም ተመርቄ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ረዲያ ደወለች። ያ ድምጿ የት እንደገባ አላውቅም፣ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ጋሽ ከድር ጠመንጃ ቤታቸው አስገብተዋል። ሚስታቸውን ሙፊዳን ገበያ ላይ አግኝታ ብትጠይቃት፣ ሙፊዳ «መጀመሪያ ያስገባችሁት እናንተ፤ ልጅቷ በመንግሥት መኪና አምጥታላችሁ» ብላ ጥላት ሄደች። መኪናው የራሴ እንደሆነና ዕዳው ገና እንዳላለቀ ልናገር ስል አጎቴ ስልኩን ተቀበሏት።

«ልጄ፣ እንግዲህ እውነተኛውን ላኪልኝ» አሉ።

እስቲ አስቡት። አገሮች ተፈራርተው እንዴት መሣሪያ እንደሚያከማቹ የማስተምር ሰው ነኝ። ቀስት የበዛበት የማስተማሪያ ሥዕል ሁሉ አለኝ። በአንድ የመጋረጃ ብረት ግን የገዛ ሰፈሬን አስታጠቅኩት። ይህን ሥራ አስፍቼ ብሠራው ኖሮ የት በደረስኩ።

በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቡታጅራ ወረድኩ። መፍትሔው ቀላል መስሎኝ ነበር። ጋሽ ከድርን ጠርተን መጋረጃውን እናሳያቸውና ነገሩ ያልቃል አልኩ።

«ቤቴን ማንም አይፈትሸውም» አሉ አጎቴ።

ስለ ግልጽነት፣ ስለ መተማመን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያስፈራ ስለሚመጣው ጣጣ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ። አጎቴ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ወሬው ከተሰማ ወዲህ ቅርንጫፌን የነካ የለም። ምን አጣደፈሽ? እንዲሁ ይቀመጥ» አሉኝ። ይህን መልስ ትላልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ክራቫት ካሰሩ ሰዎች፣ በአስተርጓሚ ሰምቼዋለሁ። አጎቴ ያጠረ አድርገውት እንጂ ያው ነው።

ብቻዬን ወደ ጋሽ ከድር ሄድኩ። «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ገባሁ፣ ሰላምታዬን በሙሉ መለሱልኝ፣ አስቀመጡኝ። ያመጣሁት የመጋረጃ ብረት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ለምን በብርድ ልብስ ጠቀለልሽው?» አሉ።

«ቀለሙ እንዳይጫር ብዬ ነው።»

«የመሣሪያ ኃላፊ ነሽ፣ አይደል?»

«እኛ እንኳ የምንከለክል ነን።»

«ትከለክያለሽ» አሉ ቀስ ብለው። «እና መጋረጃ ይዘሽ መጣሽ» ብለው ሳቁብኝ።

እንዲህ አድርገው ሲሉት እኔም አላመንኩትም። ይህን ታሪክ ይዞ አንድ ነጋዴ ቢሮዬ ቢመጣ ኖሮ ሳላስጨርሰው ነበር የማሰናብተው። ጋሽ ከድር የሳቁብኝ ሳቅ እኔ በየቀኑ የምስቀው ነው፤ ከወዲህ በኩል ሆኖ ሲያዩት ግን እንዴት ያስጠላል መሰላችሁ።

የእርስዎስ ጠመንጃ እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ወደ ጓዳው በር ሄደ፣ የእኔም ተከተለ። ከበሩ ጀርባ የጠመንጃ አፈሙዝ አየሁ። ትንሿ የልጅ ልጃቸው እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብላ በፕላስቲክ ሲኒ የጨዋታ ሻይ ትቀዳለች። የዚያን ጊዜ ቀልዱ ሁሉ ከውስጤ ወጣ። በወረቀት ላይ ስንቱን አስቁሜያለሁ፤ እጄን ዘርግቼ ከአንድ ሕፃን አጠገብ አንድ ብረት ማንሳት ግን አልቻልኩም። ወደ አጎቴ ቤት ተመለስኩና ያየሁትን ለእትዬ ረዲያ ነገርኳት።

እትዬ ረዲያ ሻሿን አስተካክላ ወጣችና በአጥሩ ላይ ሙፊዳን ጠራቻት። «ነይ እስቲ፣ መጋረጃው ከሶፋው ጋር ይሄዳል አይሄድም፣ አንቺ ፍረጂኝ» አለቻት። አጎቴ ሊቃወሙ አፋቸውን ከፈቱ። ሚስታቸው ዞር ብላ ስታያቸው ግን ሶላት ደርሷል ብለው ወጡ።

ሙፊዳ መጣች። እንደ እሷ ያለ መርማሪ መሥሪያ ቤታችን ኖሮት አያውቅም። ጨርቁን ዳሰሰች፣ ብረቱን አንጋጣ ተመለከተች፣ ጣቷን ሰድዳ ኳ ኳ አደረገችው። ቤቱ አምሮባችኋል እያለች ጓዳውን አየች፣ መኝታ ቤቱን አየች፣ ጫማዬ የት ገባ ብላ አልጋ ሥር አየች። ጫማዋ እግሯ ላይ ነበር። በመጨረሻ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እትዬ ረዲያም አብራት ሳቀች፣ ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ። ለካ ሁለቱም ሲፈሩ ሰንብተዋል።

ጠመንጃው ከሙፊዳ ወንድም የተዋሱት ነበር። ሙፊዳ ያየችውን ነገረቻቸውና ከሰዓት በኋላ ጋሽ ከድር በጆንያ ጠቅልለው ባጃጅ ውስጥ አስገቡትና ለባለቤቱ መለሱት። አጎቴም ወደ ቆርቆሮው ያዘነበለውን ቅርንጫፍ ራሳቸው ቆረጡ። የተረፈው ፍሬ በወደቀበት ግቢ እንዲቀር ተስማሙ። እኔ ሁለት ሰዎች ሲፈራረሙ ፎቶ መነሳት የለመድኩ ሰው እዚያ ቆሜ ምንም የሚፈረም ነገር አጣሁ።

ልሄድ ስል ሙፊዳ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ለእሷም የመጋረጃ ብረት እንዳመጣላት ለመነችኝ። «ከረዲያ ትንሽ ረዘም ይበል» አለች። እትዬ ረዲያ ይህን ሰምታ፣ ገና ከከተማው ሳልወጣ ደወለችልኝ። ለመኝታ ቤቷም ያስፈልጋታል፤ እሱም ከሙፊዳው ረዘም ይበል።

ሁለቱንም ገዝቼ ስመለስ ቡታጅራ መግቢያ ላይ ፍተሻ ነበር። ፖሊሱ በካርቶን የተጠቀለሉትን ረጃጅም ነገሮች በመስኮት አይቶ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። የመጋረጃ ናቸው አልኩ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለ።

«መጋረጃ እሸጣለሁ።»

ካርቶኑን ሳይነካ እጁን አወዛውዞ አሳለፈኝ። ከእኔ ሠራተኞች አንዱ እንዲህ ቢያደርግ ከሥራ አግደው ነበር። ፖሊሱን ግን አላህ ይስጥህ ብዬ፣ ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ነዳሁ።